በማርያም ቀን የታተመ ንድፍ

እትዬ ሸዋዓለም ሜይላንድ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ መስኮት ዳር ባለችው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ጭናቸው ላይ በክብ እንጨት የተወጠረ ነጭ ጨርቅ፣ በቀኝ እጃቸው ጣቶች መሃል ደግሞ ቀይ ክር የገባበት መርፌ ነበር። ለሚያያቸው ሰው ሲጠልፉ እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ሞት ግን እንዲህ ጨዋ ሆኖ አያውቅም። ሐኪሙ የዓይናቸውን ቆብ ገልጦ ቀያይ ነጠብጣቦች አየና አጠገባቸው የነበረውን ትራስ አሳሸገ። ታፍነው ነው የሞቱት።

«መቼ?» አለች መርማሪ ሄርሜላ።

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። በጥር ብርድ መስኮቱ ተበርግዶ ስለተገኘ የአስከሬኑ ቅዝቃዜ ብዙ አይናገርም። ከቀኑ አምስት እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ከማለት በቀር ሊያጠብበው አልቻለም።

ጊዜውን የሚያጠብ ሌላ ምስክር ግን ነበር። ፕሪንተሩ ላይ አንድ ባለቀለም ወረቀት ተቀምጧል፤ በጥቃቅን ካሬዎች የተሞላ የጥልፍ ንድፍ ነው። ሟቿ ንድፍ የሚያወርዱበትና የሚያትሙበት ፕሮግራም ከወረቀቱ ግርጌ የታተመበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል፤ የዚያው ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ወዳጃቸው እትዬ ሀጅራ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው የገቡት አስር ሰዓት ላይ ነው። በመሃሉ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ፖሊሶቹ ሂሳቡን በቶሎ ሠሩና ሁሉም ዓይናቸውን ወደ እትዬ ሀጅራ መለሱ።

ሄርሜላ እዚያው ከተማ፣ ቴምፕል ሰፈር ያደገች፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምታይ ሴት ናት። ቀላል ሂሳብ አትወድም። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ሀጅራን እዚያው የሟች ሳሎን አስቀምጣ ጠየቀቻቸው።

«ቁልፉን ማን ሰጠዎት?»

«ራሷ። ስኳር ነበረባት፤ ብወድቅ ማን ይከፍትልኛል ብላ። እኔ ሽማግሌ የሚጦርበት ቤት ነው የምሠራው፤ ሺፍቴ ሲያልቅ ሁሌ አያት ነበር።» እትዬ ሀጅራ እጃቸውን አጣጠፉ። «እኔን እንደምትጠረጥሩ አውቃለሁ ልጄ። እስር ቤት ብገባ ልጆቼ ሰው ፊት እንዴት ይቆማሉ? ግን ከዚያም የባሰ አለ። ሸዋዬን ገደለቻት መባሉን አልችለውም።»

«ሲገቡ የገረመዎት ነገር ነበር?»

«መርፌው። ትናንት አስተርዮ ማርያም ነበረች። ሸዋዓለም በማርያም መርፌ አትነካም። እኔ ወሎ ነው ያደግኩት፣ ግማሹ ዘመዴ ክርስቲያን ነው። አብረን ስንጠልፍ ማርያም ስትሆን እኔም አስቀምጠዋለሁ፤ ብቻዬን ምን ልሠራ?»

ሄርሜላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አንድ ማኅደር ውስጥ የእትዬ ሸዋዓለም ንድፎች ነበሩ። እያንዳንዱ በአራት ወረቀት ተከፍሎ፣ ምልክቶቹ በጥቁር ብቻ ጎላ ጎላ ብለው ታትመው፣ ወረቀቶቹ በፕላስተር ተያይዘዋል። የተጠለፈው ካሬ ሁሉ በእርሳስ ተሰርዟል።

«ለምን እንዲህ አተለቁት?»

«ዓይኗ ነዋ። ቀዩና ቡናማው አይለይላትም ነበር። ያ የእህቷ ልጅ ፕሮግራሙን ጭኖላት ሄደ፤ ማተለቁን ግን ያሳየኋት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛዋ ተጠያቂ ናሆሚ ነበረች፤ ከእትዬ ሸዋዓለም ጥልፍ የምትማር የሠላሳ ዓመት ሴት። ባለፈው ሳምንት አንድ ንድፍ ሳታስፈቅድ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ ተቆጥተዋት ነበር።

«ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ይቅርታ ልላቸው መጣሁ» አለች። «የበረከት ዳቦ ይዤላቸው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ደጋግሜ አንኳኳሁ፣ ዝም። ልሄድ ስል ፕሪንተሩ ሲሠራ ሰማሁ፤ በሩ አጠገብ እኮ ነው ያለው።»

«ከዚያስ?»

«አሉ ማለት ነው፣ እኔን ላለማየት ነው አልኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዳቦውን በር ላይ ትቼ ሄድኩ። ተቀይሜያቸው ሄድኩ።»

ሄርሜላ ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሦስተኛው ተጠያቂ የእህታቸው ልጅ ዮፍታሄ ነው፤ ዳውንታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ የሚሠራ፣ አለባበሱ የተስተካከለ ወጣት።

«ላይክ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሚቲንግ ላይ ነበርኩ። የቢሮ መግቢያ ባጄን ቼክ አድርጊ። ቁልፍ ያላት ሀጅራ ብቻ ናት፣ ዩ ኖው?»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሎንች። ፕላስ ፊፍቲን ላይ፣ ፎቆቹን በሚያገናኘው መተላለፊያ፣ ሾርባ ጠጣሁ።»

እትዬ ሀጅራ ይህን ኋላ ሲሰሙ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አሉ።

የዚያኑ ዕለት፣ አርብ ከሰዓት ሄርሜላ ሦስቱንም እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወንበሯ ባዶ ነበረች። ጨርቁ ከነመርፌው በታሸገ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ከወረቀቱ እንጀምር» አለች ሄርሜላ። «እትዬ ሸዋዓለም ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ በሕይወት ነበሩ ያለው ይኼ ወረቀት ብቻ ነው። ግን ባለቀለም ነው፣ በደቃቁ ነው፣ አንድ ገጽ ነው። እሳቸው እንዲህ ያለ ንድፍ ማንበብ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ያተሙት እሳቸው አይደሉም።»

«ገዳዩ ነዋ» አለ ዮፍታሄ። «ሀጅራ።»

«እትዬ ሀጅራ በትልቁ እንደሚታተም ያውቃሉ፤ ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። ደግሞስ ወረቀቱ የሚወነጅለው እሳቸውን ነው። ሰው በራሱ ላይ የሐሰት ምስክር አያቆምም።» ወደ ናሆሚ ዞረች። «ናሆሚ የመጣችው ራሱ ከማርያም ክብረ በዓል ነው። ብትገድላቸው እንኳ ያን ዕለት ሟች እጅ ላይ መርፌ አታኖርም። እትዬ ሀጅራም አያኖሩም። መርፌውን ያኖረው ቀኑን የማያውቅ ሰው ነው።»

ዮፍታሄ ስልኩን በእጁ አገላበጠ።

«ናሆሚ ስታንኳኳ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ፕሪንተሩ የሠራው ከሩቅ ታዝዞ ነው። ፕሮግራሙ ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ይመዘግባል፤ ዛሬ ጠዋት ላፕቶፑን አስከፍተን አይተነዋል። ያንተ ስልክ ነው ዮፍታሄ። ባጅህ ደግሞ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ውጭ እንደነበርክ ይናገራል። ከዳውንታውን እዚህ በመኪና አስር ደቂቃ ነው። መስኮቱን የከፈትከውም ሰዓቱ እንዳይታወቅ ነው።»

«ዋይ ዉድ አይ... እኔ ለምን እገድላታለሁ?»

«ስለ ሮሚ።»

እትዬ ሀጅራ ቀና አሉ። ሮሚ የእትዬ ሸዋዓለም አንድ ልጅ ነበረች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሞተች። በደብተሯ ላይ አርባ ሦስት የጥልፍ ንድፎች ስላ ትታለች። እናት እያንዳንዱን ካሬ በካሬ ወደ ፕሮግራሙ አስገብተው ጨርሰው ነበር።

«አንተ ንድፎቹን በራስህ ስም ለኤግዚቢሽን አቀረብክ፤ ጥሪው ወጥቷል፣ ፎቶህ አለበት» አለች ሄርሜላ። «አክስትህ ደረሱበት። የፈለገ ሁሉ በነጻ አውርዶ ቤቱ እንዲያትመው ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሊለቁት ነበር፤ ርዕሱ ተዘጋጅቶ ላፕቶፑ ላይ አለ። ‹የልጄ የሮሚ ንድፎች› ይላል። የነገሩህ ረቡዕ ነው፣ መልእክታቸው ስልካቸው ላይ አለ። ሐሙስ መጣህ። የእህታቸው ልጅ ነህና በሩን ከፈቱልህ፤ ስትወጣ ደግሞ በሩ ራሱ ይቆለፋል።»

ዮፍታሄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስሜን አታጥፊው አልኳት» አለ ዮፍታሄ በመጨረሻ፣ እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፉ ጠፍቶ። «አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ አልኳት። የሞተ ሰው ስም አይሰረቅም አለችኝ።» ከዚያ ከረጢቱን አየ። «ሁልጊዜ ስትጠልፍ ነው የማያት። ማርያም መሆኑን... ማን ነገረኝ?»

«ያን ዕለት ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር» አሉ እትዬ ሀጅራ።

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ናሆሚ ተከትላ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ዳቦውን ትታ በሄደችበት ቦታ።

እትዬ ሀጅራ ግን ከረጢቱ ላይ አጎንብሰው ቀሩ። ሄርሜላ አብራቸው አየች። ከተስተካከሉት የመስቀል ስፌቶች ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ስፌት ተንጋዳ ተወግታለች፤ መርፌው እውነት እንዲመስል ዮፍታሄ የሰፋት ናት።

«ይቺን ልፍታት?» አሉ።

«ማስረጃ ናት እትዬ ሀጅራ። አይነካም።»

«ከፍርዱ በኋላስ?»

«ዓመት ሊፈጅ ይችላል።»

እትዬ ሀጅራ የሻሻቸውን ጫፍ አስተካከሉና መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ።

«እጠብቃለሁ» አሉ። «ብቻ የምትሰጡኝን ቀን መጀመሪያ ንገሩኝ። ማርያም ከሆነች በማግስቱ እመጣለሁ።»