እናቴ ሰመመን ላይ ሳለች ወንድሜ ተቀበረ

ይሄ የሆነው ነቀምቴ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ። ውሸት ነው የሚል ይበል... የምከራከርበት አቅም የለኝም።

ዋጋሪ እባላለሁ፣ ማደንዘዣ ሰጪ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ የተኛችው እናቴ ድርቤ ነበረች፣ እኔ "አዮ" የምላት።

የገዛ እናትን ማደንዘዝ ደግ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሌላዋ ባለሙያ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። እናቴ ደግሞ እንቅርቱ እያፈናት ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው።

ታናሽ ወንድሜ ኢቢሳ በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ሲሬ ከተማ ላይ ባጃጅ ተገልብጦበት ሞተ።

ሽማግሌዎቹ፣ "መርዶ ለታመመ አይነገርም። ትዳንና ይነገራታል" አሉ። እሺ አልኩ።

ጠዋት፣ "ኢቢሳ ምነው ሳይደውል?" አለችኝ።

"አዮ፣ ጊዳ አያና ሄዷል። ኔትወርክ የለም።"

እናቴን ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

ሰመመን የገባ ሰው አይሰማም። ልቡን፣ ላቡን፣ የደም ግፊቱን ሳናዘው የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም በመድኃኒቱ ይደክማል። ለዚህ ነው ዓይናችንን ከማሽኑ የማንነቅለው።

የልብ ምቷ ሰባ ሁለት ነበር። ደህና ነው።

ነርሷ ፌኔት ጠጋ ብላ አንሾካሾከች።

"የኢቢሳ ቀብር ስንት ሰዓት ነው ያሉህ?"

"ስምንት። ዝም በይ..."

ምቷ ድንገት ሽቅብ ወጣ። ዘጠና... መቶ ሃያ...

የእናቴ ግንባር በላብ ተጠመቀ። ዓይኗ ላይ ከለጠፍኩት ፕላስተር ስር እንባ ወረደ።

"ነቃች እንዴ?" አለ ዶክተር ሞረዳ፣ እጁን ከአንገቷ አንስቶ።

"አልነቃችም ዶክተር።"

መድኃኒቱን ጨመርኩ። እንባው ግን አላቆመም።

ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ምቱ ቁልቁል ወረደ። ሃምሳ... ሰላሳ ስምንት... ሃያ...

ልብ የሚቀሰቅሰውን መርፌ ሰጠኋት። ደገምኩ። ምንም...

ማሽኑ አንድ ረጅም ድምፅ ብቻ ማሰማት ጀመረ።

ጆሮዋ ላይ ተደፋሁ።

"አዮ... አንቺም አትሂጂብኝ። ማን አለኝ?"

ዶክተሩ ደረቷን ሊጫን ሲል ምቱ በራሱ ተመለሰ። ሰባ ሁለት። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ነቃች። ከአጠገቧ አልተለየሁም፣ ማንም ገብቶ አላናገራትም።

"ዋጋሪ" አለች፣ በሻከረ ድምፅ።

"አቤት አዮ።"

"ለምን ቀረህ?"

"ከየት?"

"ሁሉም አፈር አለበሰው። ወንድሙ ብቻ የለም።"

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ማን ነገረሽ?"

የጨበጠችውን እጇን ከአንሶላው ስር አወጣች... መዳፌን ወደ ራሷ ሳበች።

"ያንተን ይዤልህ መጣሁ" አለችና ጣቶቿን ፈታች።

እርጥብ ቀይ አፈር።