«ትፍ» የተቀረጸበት ክር

የምጽፍላችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። የተውኩት ግን አለ።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ መጋቢት ነበር። ሰዓቱ እኩለ ቀን... ፀሐይ በኩሽናዬ መስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። የምኖርበት ሊዬፓያ ነፋስ የማያጣው የባሕር ዳር ከተማ ነው። ያን ቀን ግን ጎረቤቴ ያሰጣችው አንሶላ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። በትንሽ በትልቁ አልደነግጥም።

ባለቤቴ ታሊስ ዘፋኝ ነበር። ዘፋኝ ስላችሁ ከረባት ያሰረ እንዳይመስላችሁ። ፓንክ ነበር፤ በጩኸትና በቁጣ የሚዘፍን። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በሶቪየት ዘመን፣ እሱና ሦስት ጓደኞቹ በዓሣ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ አንድ አልበም ቀረጹ።

ስሙን «ትፍ» አሉት።

ፈቃድ የለው፣ ሽፋን የለው። ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ዋና ከተማው ሪጋ ድረስ ሄደ። ይዞት የተገኘ ተማሪ ይባረራል ተባለ... ያን ጊዜ የማይፈልገው ተማሪ ጠፋ።

ሲቀረጽ አርባ ያህል ሰዎች ነበርን። ታሊስ ይጮሃል፣ እኛ እንተፋበታለን። ፊቱ ላይ። ጸጉሩ ላይ። ማይኩ ላይ። የዚያ ቤት ፍቅር እንዲህ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብለን የዋጥነውን ሁሉ እዚያ እንተፋዋለን።

እኔም ተፍቻለሁ። እንደዚያ ቀን ነፃ ሆኜ አላውቅም።

አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

ታሊስን የገደለው የጉሮሮ ካንሰር ነው። ማንቁርቱን አውጥተው አንገቱ ላይ ቀዳዳ ተዉለት። ሁለት ዓመት ያለ ድምፅ ኖረ። ከቀዳዳው የሚወጣውን አክታ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ፊቴን አዞርኩ።

አየኝ።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቅጂዎቹ በሙሉ ጠፍተዋል። ድምፁ የቀረው በእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ በነበረው በዋናው የቴፕ ክር ላይ ብቻ ነው። ክሩ ደግሞ ታሟል። ድምፅ የሚቀረጸው በሙጫ በተለጠፈ የዝገት ዱቄት ላይ ነው፤ ሙጫው ሲያረጅ እርጥበት ይጠጣና ያልበዋል። መድኃኒቱ ክሩን በለብታ ሙቀት አድርቆ፣ አንዴ አጫውቶ፣ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው።

አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝገቱ ይረግፋል።

ሥራውን የያዘው ጉንታርስ ነው፤ የአልበሙ ከበሮ መቺ። ዛሬ መላጣ ሽማግሌ ሆኗል፣ የሚተዳደረውም አሮጌ ክር በማዳን ነው። ዓርብ ማታ ክሩን የኤሌክትሪክ እንጉዳይ ማድረቂያዬ ውስጥ አስገባው። ቅዳሜ መጥቶ ክዳኑን ሲከፍት...

«ቪዝማ... ውሃ ደፋሽበት እንዴ?»

«አብደሃል?»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ከማታ ጀምሮ በሙቀት ሲደርቅ የቆየው ክር ርሶ ነበር። ጉንታርስ በጣቱ ነካው። ጣቱን ሲያነሳ... ተዝለገለገ።

ሽታው የእንጉዳይ አልነበረም። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ከእጄ አልለቅ ብሎኝ ነበር።

«ዛሬ ይቅርብን» አለ በሹክሹክታ።

«ነገ ይብስበታል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ድሮም ግትር ነሽ።»

«አንተም ድሮም ፈሪ ነህ። ፖሊስ ሲመጣ ከበሮ ውስጥ የተደበቅከው ማን ነበር?»

«ግማሼ ነው የተደበቀው። ቂጤ ውጭ ቀርቷል።»

ሳቅን። ማጫወቻውን ከፈተው።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ... ከዚያ ከበሮ... ከዚያ ታሊስ።

የሃያ ሁለት ዓመቱ ታሊስ። ጤነኛ፣ የተቆጣ፣ ሙሉ ድምፅ። «አልውጥም! አልውጥም!» ይላል። ከበስተጀርባው እኛ... ትፍ... ትፍ... ትፍ...

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጉንታርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ሰው በዛ» አለኝ።

«የምን ሰው?»

«ስሚው... የሚተፋው።»

እውነቱን ነው። አርባ አልነበርንም። መቶዎች ነበሩ። ያ ምድር ቤት ይህን ሁሉ ሰው አይችልም። ደግሞ አንድ ላይ ነበር የሚተፉት... እኩል... እንደታዘዘ ሰው።

በተፉ ቁጥር የታሊስ ድምፅ ይሰጥማል። አፉ እየሞላ እንደሚናገር ሰው... ጉርርር... ጉርርር...

«ድምፅ ማጉያውን ዝጋው» አልኩ።

ዘጋው።

ጉርጉርታው ግን ቀጠለ። ከማጫወቻው ነበር... ክሩ ድምፅ አንባቢውን ብረት ከሚነካበት ቦታ።

«ክር ሲጣበቅ ይጮሃል። ያለ ነገር ነው» አለ። ከንፈሩ ደርቋል።

«የክር ጩኸት ትንፋሽ አይስብም፣ ጉንታርስ።»

ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። እጁን ያዝኩት።

«አንዴ ብቻ ነው ያልከው።»

እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ሲያበቃ ክሩ እንደ መስታወት ጠርቶ ነበር። ዝገቱ በሙሉ ተልጦ ወርዷል። ኮምፒውተሩ ላይ ሠላሳ አንድ ደቂቃ... ቀጥ ያለ መስመር። ምንም አልተገለበጠም።

ማጫወቻው ብረት ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተጠራቅሟል። ጉንታርስ በወረቀት ጠረገው። አሸተተው... ሮጦ መታጠቢያው ላይ አስመለሰ።

«ጣይው ቪዝማ» አለ አፉን እየጠረገ። «ቆሻሻ ነው።»

«ድምፁ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

እኔ በሻይ ማንኪያ እየጠረግኩ ወደ ባዶ የጃም ጠርሙስ አስገባሁት። ማንኪያው ለብ ይል ነበር። ሁለቴ አቅለሸለሸኝ። አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም።

ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጠርሙሱ የኩሽናው መስኮት ላይ ነበር። በዚያ ፀሐይ መድረቅ ነበረበት።

አልደረቀም።

መሐሉ ላይ አንዲት አረፋ ወጣች።

ቀስ ብላ ተነፋች... ሟሸሸች... ተነፋች...

ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ ታሊስ ታሞ ሳለ ትንፋሹን ለነርሷ እቆጥር እንደነበረው። በደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ይህን ስጽፍም አላቆመም። ክዳኑን አልገጠምኩትም።