የግድግዳው አውድማ

አሰጋሽ መሰላሉ ላይ ቆማ «የአባቶቻችን» የሚለውን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት «ባህል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ የመካነ ሰላምን ጎዳና ስለ ሸፈነው ከታች ያለው ምድር አይታያትም፤ ግድግዳው በነጭ ባሕር ላይ ብቻውን የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ዘመኑ ፲፱፻፷፮ ነው። በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን የአረቄ ማስታወቂያ የሣለው ከደሴ የመጣ ሠዓሊ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ነጭ ኩታ የለበሰ ገበሬ ገብስ በሞላበት አውድማ ላይ ቆሞ፣ የአረቄ መለኪያ አንሥቶ ይስቃል። ከጎኑ እንደ ሰው የረዘመ ጠርሙስ ተሥሏል። ጽሑፉን ግን የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አቶ ገበየሁ ለአሰጋሽ ሰጧት፤ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደ እርሷ ፊደል የሚያሳምር አልነበረምና። ስትጨርስ፣ በመስከረም ደሴ ወስደው እኅታቸው ቤት እንደሚያስቀምጧት ቃል ገብተውላታል። እዚህ ዘጠነኛ ክፍል የለም፤ ደሴም የምትጠጋበት ዘመድ የላትም።

«የማን አውድማ ነው?» የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ተሰማ።

አባ ቢተው ነበሩ፤ ዝናብ ሲከዳቸው ከቆላ ወጥተው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚያድሩ ገበሬ። ሠዓሊው የተውሶ ኩታ አልብሶ፣ አንድ ዳቦ ከፍሎ አቁሞ የሣለው እርሳቸውን ነበር። ሥዕሉን ግን ገና ዛሬ ማየታቸው ነው።

«ገብሱ መልካም ነው» አሉ አንጋጥጠው። «ይህ አገር ወዴት ነው ልጄ? በእግር ይደረሳል?»

አሰጋሽ ከመሰላሉ ወረደች። «አባ፣ ሰውየው እኮ አንቱ ነዎት።»

ጉንጫቸውን ዳሰሱ። «እኔ? እንዲህ ወፍሬ? እንግዲያውስ አውድማው የኔ ነዋ፤ ተይ ቤተሰቤን ልጥራ» ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ጥቂት ቆይተው፣ ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ በጥር ቆልተው እንደ በሉት ነገሯት፤ ጽሑፉ ምን እንደሚልም ጠየቋት።

«የአባቶቻችን...» አለችና አቆመች።

«የአባቶቻችን ምን?»

የቄስ ትምህርት ቤት መምህሯ የኔታ ስማቸው ግስ ሲያስተምሯት፣ «ባህል» የሚለው ስም «ብህለ»፣ ማለትም «አለ»፣ ከሚለው የግእዝ ግስ እንደሚወጣ ነግረዋታል፤ አባት ለልጁ ያለው፣ ልጅም ተቀብሎ ለልጁ የሚለው ነገር ነው። አሁን ግን በአባ ቢተው ፊት ቆማ ቃሉን ማለት አቃታት። የጠርሙሱ አረቄ ወደ ከተማው በጭነት መኪና የመጣው ባለፈው ወር ነው፤ ገብሱ ደግሞ የትም የለም።

አቶ ገበየሁ ከደጃፉ ብቅ አሉ። «ምነው፣ ከአሁኑ ደሴ ገባሽና ሥራ ናቅሽ?» አሉ በቀልድ። «አንዲት ቃል እኮ ናት የቀረችሽ። ደግሞ ይህን ሰው ከሥዕሉ ገለል አድርጊልኝ፤ ደንበኛ ያስደነግጣል።»

አባ ቢተው አፍረው ሊሄዱ ሲሉ፣ አሰጋሽ ክንዳቸውን ይዛ መሰላሉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። የደሴ ትምህርት ቤት መስኮቶች በጉሙ ውስጥ አንድ ጊዜ በርተው የጠፉ መሰላት።

ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክራ መሰላሉን ወጣች። አቶ ገበየሁ ልትጨርስ መሰላቸውና ፈገግ አሉ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። «የአባቶቻችን» የሚለውን ከመጀመሪያዋ ፊደል አንሥታ መጥረግ ጀመረች።