አይቸው ሲቆጥር ሰንበት ገባ

ከላዬ የምትኖረው ዚቫ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ምን ስትል እንደሰማኋት ልንገራችሁ።

ከኋላዋ መቆሜን አላየችም።

«ባንቺአየሁ በሰንበት ወንድ አስገብታለች» ትላለች። «ማታውን ሁሉ ሲያወራላት አመሸ።»

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ባስገባማ ራሴ ነበርኩ የማወራው። ለሷ መች እተወው ነበር?

ግን አልዋሸችም። ወንድ ነበረ።

ባሌ አይቸው ነበር።

አይቸውን ከቀበርነው ቆየ...

አታምኑኝም። እኔም ሰው ቢነግረኝ አላምንም። ግን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። እዚሁ ከበለሳ መጥተን በሰፈርንባት በቂርያት መናሔም፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሊገባ ሲል። ፀሐይዋ እንኳ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጄ የአጋም ሠርግ ነው። ወታደር ቤት ሳለች ይሻይ የሚባል ልጅ ወደደች። አያቱ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ማልካ! አይቸው ከሞተ ወዲህ ያፈራኋት ጓደኛዬ፣ ያች ምላሷ ምላጭ የሆነው። ደስ አለን።

ግን በኛ ወግ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እስከ ሰባት ድረስ ተቆጥሮ አንድ ቦታ ከተገናኙ እህትና ወንድም ናቸው። ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። እኛም በለሳ፣ እነሱም በለሳ... ፈራን።

የኛን ወገን አጥርቶ የሚያውቅ አይቸው ብቻ ነበር። እኔ ሐሜት እንጂ ትውልድ ጭንቅላቴ ውስጥ አይቆይም።

ደግነቱ አጋም ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ለትምህርት ቤት ብላ፣ አያቷ ሲቆጥር ድምፁን ኮምፒውተሯ ላይ ቀድታው ነበር።

ጉዱን ያመጣው ያ ኮምፒውተር ነው።

መስታወቱ ጥግ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ቦታ አልቋል።

አጋም ታጠፋዋለች።

ቦታ አልቋል...

አጋም እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት ትንሽ ጓዳ አለች። ማሽኑ የሞተ ቀን ከዚያ ተነስቶ ነፍስ እንዲዘራ የተተወች። ሰው ምንም አያስገባባትም። ሞላች የሚለው እሷን ነው።

አጋም የምትኖረው እዚሁ ከተማ፣ ኢትዮጵያ መንገድ የሚባለው ላይ ነው፣ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አጥር አለፍ ብሎ። እዚያው ሰፈር ኮምፒውተር ለሚሠራ ኦረን ለሚባል ሰው ሰጠችው። ጓዳዋን ባዶ አደረገላት። ምን ገብቶባት እንደነበር ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ አሉ።

አውቶቡስ ተሳፍራ እኔ ጋ እስክትደርስ...

ጓዳዋ ሞልታለች።

ያን ዓርብ ማልካም ሰንበትን ከኔ ጋ ልታሳልፍ ከሰፈሯ ከፒስጋት ዘኤቭ መጥታ ነበር። ሦስታችን ተቀመጥን። አጋም የአያቷን ድምፅ ድሮ ካስቀመጠችበት ፈለገች። የለም።

ጓዳዋ ውስጥ ነው።

«ሳብታ... እኔ አላስገባሁትም» አለችኝ በሹክሹክታ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

ወደ ስልኳ ልትገለብጠው ሞከረች። አልገባ አለ፣ ገዝፏል። ያኔ ሲቀዳ አንድ ሰዓት የማይሞላ ነገር ነበር። አሁን መጨረሻው አይታይም።

ጓዳዋን ብናጸዳት አይቸው ይጠፋል። ባናጸዳት ማሽኑ ተንገራግጮ ሊሞት ነው፣ አይቸውም አብሮት። የአጋም ሠርግ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

«ክፈችው» አልኳት። «ሳይሞት እንስማው።»

ከፈተችው።

አይቸው ኧህ ኧህ ብሎ ሳለ።

ያ ሳል የያዘው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ሲቀዳ ደረቱ ደህና ነበር...



መቁጠር ጀመረ። አባቱን፣ ያባቱን አባት፣ እያንዳንዱን ከነወንድሙ ከነሚስቱ። ማልካ ወንበሯን ስትጎትት ድምፁ ቆመ። ተመቻችታ ስትቀመጥ ቀጠለ።

ያኔ የሰንበት መግቢያው ጽፊራ፣ የጡሩንባው ጩኸት፣ ከተማውን ሁሉ አናወጠው።

አይቸው ድምፁን ከፍ አደረገ...

ጽፊራው እስኪያልቅ ጮክ ብሎ ቆጠረ። አጋም ልታጠፋው እጇን ሰደደች። ያዝኳት።

«ሰንበት ገብቷል» አልኳት።

በሰንበት ማብራትም ማጥፋትም ሥራ ነው፣ ማን ይንካው? መብራቱንም፣ ማሽኑንም፣ እሱንም።

በላን። እሱ ይቆጥራል። እጃችንን ታጠብን። ይቆጥራል። ለመተኛት እንኳ ማናችንም አልተነሳንም።

የኛ ወገን አለቀ። አይቸው ትንፋሽ ወሰደ። ከዚያ...

«አሁን ወደ ይሻይ» አለ።

የማልካ እጅ ዳቦው ላይ ቀረ።

የማልካን እናት ስም ጠራ። የእናቷን እናት ጠራ። እኔ የማላውቃቸውን፣ እሷም የረሳቻቸውን። ከኛ ወገን ጋር እያስተያየ አንድ ቤት ቆጠረ... አልተገናኙም። ሁለት፣ ሦስት... አልተገናኙም። ማልካ በየስሙ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ልክ ነው ማለቷ ነው። ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

አምስት... አልተገናኙም።

ስድስት... አልተገናኙም።

አጋም እንባዋ ይወርዳል፣ የደስታ ነው። እኔ ፈርቼም ቢሆን ለእልልታ አፌን አሟሽቻለሁ። አንድ ብቻ ቀረ። አንድ ቤት!

«ሰባተኛው...» አለ አይቸው። ሳል ያዘው።

«ሳባዬ» አለች አጋም፣ አያቷን ማለቷ ነው፣ ማሽኑን እያየች። «የይሻይንም ሁሉ ቀድቶ አስቀምጦልኛል...»

ማልካ ዞር አለችባት።

«አያትሽ ሲቀበር አንቺ ይሻይን የት ታውቂውና?»

አጋም ወንበሯን ከማሽኑ አራቀች።

እኔም ለእልልታ ያሟሸሁትን አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ሳሉ ተቋረጠ... ሰባተኛውን ሳይጠራ የአይቸው ድምፅ ቆመ።