ሟቹ በስልክ ያሉት ቃል

ቬኔዲክት ኦሲፖቪች ላዲጊን ከመሥሪያ ቤታቸው ደረጃ ሥር፣ በቀዝቃዛው የድንጋይ ወለል ላይ ተዘርረው ነበር። የከባዱ ካፖርታቸው አንድ እጅጌ ተለብሷል፤ ሌላው ባዶውን ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ኪራ አናቶልየቭና ምድር ቤቱ ውስጥ ለሠራተኞች ብርቱካን ከሚሸጥበት ወረፋ ወጥታ ስታያቸው፣ በልቧ መጀመሪያ የመጣው ቃል «ገደልኳቸው» የሚል ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ላዲጊን በሌኒንግራድ የታላቁ የእንግሊዝኛና ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት ዋና አዘጋጅ ነበሩ። ባለፈው ሰሞን ወንበራቸው ለምክትላቸው ለግሌብ ኢግናትየቪች ቱርስኪ ይሰጥ ተብሎ በስብሰባ ድምፅ ሲሰጥ፣ ያስተማሯት ኪራ ሳትቀር እጇን አውጥታባቸዋለች። ስለዚህ ወሬው ወዲያው ተናፈሰ። ሽማግሌው ውርደቱን አልቻሉትም፤ ከአራተኛው ፎቅ ራሳቸውን ወረወሩ ተባለ።

በማግስቱ ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ የመጡት መርማሪ ራይሳ ዴምያኖቭና ፖሎዞቫ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ከረሜላ ከአፋቸው የማይለይ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያ ግሌብን አስጠሩት።

«ማታውኑ ገብቶኝ ነበር» አለ ግሌብ፣ መነጽሩን እየወለወለ። «ሰዎቹ ሁሉ ለብርቱካን ወርደዋል። እኔ ክፍሌ ነበርኩ። ቬኔዲክት ኦሲፖቪች ከአንድ እንግሊዛዊ ባልደረባቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። ‹ትናፍቀኛለህ› አሉት። ስንብት ነበር። እኔ ሞኙ ሥራዬን ቀጠልኩ።»

«በእንግሊዝኛ ምን ብለው?»

«‹ሚስ› የሚለውን ግስ ነው የተጠቀሙት። እንግሊዛዊውን ይጠይቁት፤ ያረጋግጥልዎታል።»

«እሺ። ከክፍልዎ ወጥተው ነበር?»

«ከወንበሬም አልተነሣሁ።»

ቀጥለው የገቡት አሮጊቷ የጽሕፈት ሠራተኛ ዞያ ፓቭሎቭና ነበሩ። ሲያለቅሱ ስላደሩ ዓይናቸው አብጧል።

«ወይኔ! ያን ጊዜ እኔ አጠገባቸው ብሆን! ካፖርታቸውን የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ እኮ።»

«ምነው፣ ራሳቸው አይለብሱም?»

«በጦርነቱ ትከሻቸውን ተመተዋል፤ ክንዳቸው አይነሣም። ሰው ካለ ይይዝላቸዋል። ሰው ከሌለ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ እንጂ እጅጌ የሚባል አይሞክሩም።»

«ከወረፋው ማንም አልተለየም?»

«ማን ይለያል? ኪራዬ ብቻ፣ ‹ቦታዬን ያዢልኝ› ብላኝ ትንሽ ወጣ አለች። ወዲያው ተመለሰች፣ የኔ ቆንጆ። ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር።»

ቀጥላ ኪራ ተጠራች። መርማሪዋ ግን ስለ ወረፋው አንድም ነገር አላነሡም።

«እኔ እንግሊዝኛ አልተማርኩም፤ እስቲ ያስተምሩኝ። ‹ሚስ› ምን ማለት ነው?»

«ብዙ ነው» አለች ኪራ፣ በሥራዋ በመጠየቋ ትንፋሿ መለስ እያለ። «ተኳሽ ዒላማውን ሲስት ሚስ ነው። ባቡር ሲያመልጥዎ ሚስ ነው። ከትምህርት ሲቀሩም፤ የሄደ ሰው ሲናፍቅዎም።»

«እንግሊዞች ቃል ይቆጥባሉ ማለት ነው!»

«በእኛ በሩሲያኛ ግን ለየራሱ ነው። ለናፍቆት ‹ስኩቻት› እንላለን። ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ ሲተላለፉ ደግሞ ‹ራዝሚኑትሳ›።»

«መተላለፍም ሚስ ነው?»

«አዎ።»

ራይሳ ዴምያኖቭና ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «በመዝገበ ቃላቱ ግሶቹን የሠራው ማነው?»

«ግሌብ ኢግናትየቪች... ነው ይባላል።»

«ይባላል?»

ኪራ መሬት መሬቱን አየች። መርማሪዋ ተነሥተው ሻርፓቸውን ጠመጠሙ፤ በሌላ ከተማ ሆቴል ላረፈው እንግሊዛዊም ሊደውሉ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰቧቸው።

«መጀመሪያ ካፖርቱ» አሉ። «ሊሞት የወሰነ ሰው ካፖርት አያምረውም እንል ይሆናል፤ ግን ሰው ጉድ ነው፣ ይሁን። እኒህ ሰው ብቻቸውን ሲሆኑ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ነው የሚያደርጉት። የተገኙት ግን አንድ እጃቸው እጅጌው ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ካፖርቱን ከኋላቸው የያዘላቸው ሰው ነበር። ከፊታቸው ደግሞ የአራተኛው ፎቅ ዝቅ ያለ የደረጃ አጥር። ሰው ካፖርት ሲለብስ እጆቹ ይታሰራሉ፤ ለመገፋት ከዚያ የተመቸ ጊዜ የለም።»

ዞያ ፓቭሎቭና አፋቸውን በመሐረብ አፈኑ።

«ሁለተኛው ቃሉ ነው። እንግሊዛዊው ዓረፍተ ነገሩን እስክሸመድደው ደጋገመልኝ። ኪራ አናቶልየቭና፣ አነጋገሬን ታግሠው ይተርጉሙልን። ‹አይል ሚስ ዩ ባይ ኤ ዴይ›።»

ኪራ ደነገጠች። «‹በአንድ ቀን እንተላለፋለን›» አለች ቀስ ብላ። «ስንብት አይደለም!»

«አይደለም። እንግሊዛዊው ዓርብ እዚህ ሊመጣ ነበር፤ ላዲጊን ደግሞ ሐሙስ ወደ ሞስኮ ሊሄዱ። ሊጓዝ የተነሣ ሰው ነው የተናገረው። ግሌብ ኢግናትየቪች፣ ‹በአንድ ቀን› የሚለውን ቆርጠው ጣሉትና መተላለፉን ናፍቆት አደረጉት። ግሱ ያው ግስ ስለሆነ እንግሊዛዊው ቢጠየቅም ያረጋግጥልኛል ብለው ተማመኑ። ተማሪ ቢሆን ተሳሳተ እል ነበር፤ ይህን ግስ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም አሉኝ።»

«በግድግዳ በኩል ነው የሰማሁት» አለ ግሌብ፣ ድምፁ ሳይናወጥ። «መጨረሻው አልተሰማኝም። ለዚህ ሰው ይከሰሳል? ከወረፋው የጠፋችው እኔ ነኝ?»

ሁሉም ወደ ኪራ ዞሩ። መርማሪዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ከራስሽ አፍ ብሰማ ይሻላል፣ ልጄ» አሏት።

ኪራ ግሌብን ሳታይ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ወጥቼ ነበር» አለች። «ይቅርታ ልጠይቃቸው። የግሶቹ ሥራ የግሌብ አይደለም፤ የሟቿ ባልደረባችን የአዳ ማርኮቭና ነው። እሱ በስሙ አድርጎ ለዶክትሬቱ አቀረበው። እኔ ምሳሌዎቿን ገና ሳያቸው ለይቻቸዋለሁ፤ ዝም አልኩ። ቬኔዲክት ኦሲፖቪችም ደረሱበት፤ ሞስኮ ሄደው ለዶክትሬት ኮሚቴው ሊናገሩ ቲኬት ቆረጡ። ስለ ቲኬቱ ለግሌብ የነገርኩት እኔ ነኝ። ነገ አለቃዬ እሱ ነው፤ እንዲጠላኝ አልፈለግኩም።»

«ከዚያስ?»

«ደረጃው ላይ ቆሜ ከላይ ድምፁን ሰማሁ። ‹ይፍቀዱልኝ፣ ቬኔዲክት ኦሲፖቪች› አላቸው፤ ካፖርት ሲይዙ እንደሚባለው። ሁለቱን አንድ ላይ ሆነው ለመጋፈጥ ፈራሁ። ተመልሼ ወረድኩ። ማታ ወሬው ‹ራሳቸውን ጣሉ› ሲል፣ የእኔ እጅ ማውጣት የገደላቸው መሰለኝና አፌ ተለጎመ።»

ግሌብ መነጽሩን አወለቀ፤ አልወለወለውም። «እንዲምሩኝ ለመንኳቸው» አለ ለማንም ሳይሆን። «‹አዳን ለምናት› አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እጃቸውን ወደ እጅጌው ዘረጉ።»

ሲወስዱት ዞያ ፓቭሎቭና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኪራ መርማሪዋን በር ላይ ደረሰችባቸው። «ጥፋተኛ ነኝ?»

«በሕግ አይደለሽም» አሉ ራይሳ ዴምያኖቭና። «ከሕግ ውጭ ያለውን እኔ አልመረምርም።»

ኪራ ሐሙስ ወደ ሞስኮ ሄደች፤ ኮሚቴው ፊት ቆማ የአዳ ማርኮቭናን ስም ተናገረች፣ የራሷንም ዝምታ አልደበቀችም። ዓርብ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ላዲጊን ቤት አመራች። ሚስታቸው ኤሊዛቬታ ካርሎቭና ጥቁር ሻሽ አስረው በሩን ከፈቱ።

«ስለ ጉዞው ለገዳያቸው የነገርኩት እኔ ነኝ» አለች ኪራ። «ከሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ግቢ አላሏትም። በሩንም አልዘጉትም። ኪራ በረዶ የያዘ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ደፉ ላይ ቆማ ጠበቀች።