የጭን ልኬት

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሳኒ አስከሬን ወልቂጤ ዳርቻ ባለው የሙባሪክ ቤት ጓሮ፣ እንሰቱ መሃል በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ በድንጋይ ተመትቷል። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ገሠሠ ጎንበስ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቹ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ደርቋል።

በቤቱ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ ባለቤቱ ሙባሪክ፣ ሚስቱ ሲና፣ ከመኪና አደጋ ወዲህ መራመድ አቅቶት ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የዋለው ታናሽ ወንድሙ ሸረፋ። በአደጋው ቀን መኪናውን ይነዳ የነበረው ሙባሪክ ነው።

«ለቅሶ ቤት ውዬ ስመለስ ነው ያገኘሁት» አለች ሲና። ጎረቤቶቿም ይህንኑ መሰከሩላት።

«እርስዎስ?» አለችው ተናኘወርቅ ሙባሪክን።

«የአስር ሰላት ሰግጄ ሱቅ ገባሁ።»

«ማን አየዎት?»

«ማንም።»

«ትናንት ከሳኒ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

ሙባሪክ አንገቱን ደፋ። «ወንድሜ ለውጥ የለውም፣ አታድክመው አልኩት። እሱ ግን በዚያች ትንሽ አልትራሳውንድ ጭኑን ካልለካሁ ብሎ አስቸገረን። የጡንቻውን ውፍረት ታሳያለች አለ። ሸረፋ ደግሞ እግሩን ሰው እንዲያይበት አይወድም። እኔ እንኳ አጥቤው አላውቅም፤ ያፍራል።»

ሸረፋ ከወገቡ በታች በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተኝቷል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሳኒ ዛሬ ጭንህን ለካህ?»

«አልለካኝም። ትከሻዬን አሸት አሸት አድርጎኝ ወጣ።»

ተናኘወርቅ የአንሶላውን ጠርዝ ዳሰሰች። ጨርቁ አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ግትር ብሏል።

ፖሊሶቹ በሙባሪክ ላይ ፍርዳቸውን የጨረሱ ይመስላሉ። እሷ ግን በማግስቱ ሁሉንም በሸረፋ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ማዕዶት የምትባል የአልትራሳውንድ ባለሙያም አብራት መጥታለች።

«በሳኒ ጣቶች ላይ የደረቀው ጄል ነው» አለች ተናኘወርቅ። «አልትራሳውንድ ሲነሳ ቆዳ ላይ ይቀባል። ስለዚህ ሳኒ ከመሞቱ በፊት ሰው ለክቷል። እዚህ ቤት ሊለካው የፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው አልለካኝም አለኝ፤ አንሶላው ላይ ግን ያው ጄል አለ።»

«ረስቼው ይሆናል» አለ ሸረፋ።

«እንግዲያው ፈቃድህ ከሆነ ዛሬ እንለካሃለን።»

«አልፈልግም።»

ሙባሪክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ፍቀድላቸው ሸረፋዬ፤ የምንደብቀው የለም። መጀመሪያ እኔን ይለኩኝ» ብሎ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

ማዕዶት የሙባሪክን ጭን ለካች። ቀጥላ የሸረፋን ለካች፤ ደገመችው።

«እኩል ናቸው ማለት ይቻላል» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ያህል ጊዜ ያልተራመደ ሰው ጡንቻው ይሳሳል። የእሱ አልሳሳም።»

«ሳኒም ያየው ይህንኑ ነው» አለች ተናኘወርቅ ወደ ሙባሪክ ዞራ። «ሊነግርዎት ፈልጎ እርስዎ እስኪመጡ ጓሮ ወጣ። ሲና ለቅሶ ቤት ነበረች። እርስዎ ምስጢሩን ያውቁ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ወንድምዎን ፍቀድላቸው አይሉትም ነበር። ሸረፋ የዋሸው ልኬቱ የሚያጋልጠው እሱን ስለሆነ ነው፤ ሳኒንም በእግሩ ጓሮ ድረስ ተከትሎታል።»

«ለመንኩት» አለ ሸረፋ ኮርኒሱን እያየ። «ዝም በል ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«ከዳንክ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ሙባሪክ።

«ስድን ትተኸኝ አዲስ አበባ ትገባለህ። ከአደጋው በፊት እኮ ዞር ብለህ አይተኸኝ አታውቅም።»

ፖሊሱ ሲጠጋ፣ ሙባሪክ እንደ ልማዱ ወንድሙን ሊያዝል ጎንበስ አለ። ሸረፋ በእጁ መለሰው። እግሮቹን ከአልጋው አወረደ፣ ቆመ፣ ምንም ሳይደገፍ እስከ በሩ ሄደ።

አላህ ይህን እንዲያሳየው ሙባሪክ በየሰላቱ ዱዓ ሲያደርግ ነው የኖረው። ሲና ክንዱን ያዘችው። እሱ ግን ዓይኑን ከወንድሙ እግሮች ሳይነቅል፣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።