ሁለተኛው መስመር

መኪያ ሳታረግዝ አርግዛለች ተባለ። ይህ የሆነው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር፣ በሪያድ ከተማ፣ መላዝ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ኢቃማ የተባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ያልያዘ ሐበሻ ከየመንገዱ ታፍሶ ተርሒል ወደሚባለው ማጎሪያ፣ ከዚያም ወደ አገሩ በሚጋዝበት ዘመን።

የቤቱ እመቤት ኡሙ ነዋፍ በየወሩ መጀመሪያ ለሠራተኛዋ አንድ የላስቲክ ኩባያ ትሰጣት ነበር፤ መኪያ ሽንቷን ይዛ ትመለሳለች፤ እመቤቲቱም ከፋርማሲ የተገዛውን ቀጭን ወረቀት ነክራ፣ አይታ፣ እጇን ታጥባ ቁርሷን ትበላለች። አንድ ቀይ መስመር ከወጣ መኪያ ንጹሕ ናት፤ ሁለት ከወጣ ለፖሊስ ተላልፋ ትሰጣለች። ኡሙ ነዋፍ ይህን ትእዛዝ የተናገረችው ስለ ምንጣፍ አጠራረግ በምትናገርበት ድምፅ ነበር።

በመጀመሪያው ወር እመቤቲቱ ኩባያውን በመስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ ዘንበል ቀና እያደረገች ስትመረምረው መኪያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወሎ ውስጥ ያለው የቃሉ አገር ልጅ ናት፤ ገላዋን እናቷ እንኳ ከሕፃንነቷ ወዲህ አላየችባትም። ከዚያ ወዲያ ሽንቷን ለማንም አልሰጠችም፤ የቧንቧ ውኃ በሻይ እያቀለመች አቀረበች፤ ወረቀቱም ያለማመንታት ንጹሕ ነሽ አላት። ይህንን ለቤቱ ሾፌር ለገብሩ ነግራው ሁለቱም በሳቅ ፈንድተው ነበር።

በዚያ ጥር ማለዳ ግን ሻይ አልተፈላም፤ መኪያ የእመቤቲቱ ልጅ ሕፃኑ ነዋፍ ጠጥቶ ካስተረፈው የፖም ጁስ ቀድታ ወሰደች። ወረቀቱ ዐይን የለውም፤ ማኅፀንም አያውቅም። የተቀባበት ቅመም የእርጉዝ ሴት ሽንት ሲያገኘው እንዲቀላ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ሲያገኘው ደግሞ ባሕርዩ ይበላሽና፣ መያዝ የማይገባውን ቀለም ይዞ እንደዚያው ይቀላል። የሠሩት ሰዎች ሽንት እንጂ ጁስ ይመጣበታል ብለው አላሰቡም።

ሁለት መስመር ወጣ።

«ከማን ነው?» አለች ኡሙ ነዋፍ።

«ከማንም አይደለም፣ ማዳም።»

«ከገብሩ ነው። ከዚያ ክርስቲያን ሾፌር። ጥሪው!»

ገብሩ መጥቶ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመ፤ ነገሩንም ሰማ። መኪያ ለመዳን ማታለሏን መናገር አለባት፤ ያታለለችም ሴት ምን ልትደብቅ እንዳታለለች መጠየቋ አይቀርም።

«ንገሪያት እንጂ እህቴ!» አላት ገብሩ በአማርኛ። «የኔን አንገት ይዘሽ ዝም ትያለሽ?»

«ሽንቴ አይደለም ብዬ?»

«አዎ! ኸላስ፣ በቃ፣ የፖም ልጅ ነው በያት!»

መኪያ የቀረውን ጁስ ብርጭቆ ላይ ገለበጠች፤ ከማሸጊያው አዲስ ወረቀት መዝዛ ነከረች። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። አንዱ መስመር ቀላ፤ ሁለተኛውም ተከተለ።

«ጁሱም አርግዟል፣ ማዳም» አለች። «ለእሱም ፖሊስ ይጥሩለት።»

በኡሙ ነዋፍ ፊት ላይ እፍረት አልታየም፤ የታየው የተበላሸ ዕቃ የተሸጠለት ሰው ንዴት ነበር። «እስከ ዛሬ ስታመጪልኝ የኖርሽው ምንድን ነው?»

«ሻይ።»

እመቤቲቱ ወረቀቶቹን ቆሻሻ ውስጥ ጣለች። ከዚያም ገብሩን መኪናውን እንዲያጥብ አዘዘችው፤ ስለ ፖሊስም ደግማ አላነሣችም። ከመደርደሪያው ንጹሕ ኩባያ አውርዳ ለመኪያ ዘረጋችላት።

«ያላ፣ ሂጂ። ከእንግዲህ በሩን ክፍት አድርገሽ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ።»

የመኪያ ፓስፖርትና ኢቃማ በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸዋል፤ ያለ እነርሱ መንገድ ላይ የተገኘች ሴት ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ገብሩ አልሄደም ነበር።

«እህቴ፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ አድርጊውና ይለፍ» አላት። «ውጭው እኮ ተርሒል ነው።»

«ተርሒል ውስጥ ኩባያ ይሰጣሉ?» አለችው።

ገብሩ መኪናውን ሊያጥብ ወጣ።

የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች የአውሮፕላኖቹን ምልልስ፣ የመንግሥታቱን መግለጫ፣ ቦሌ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው የወረዱትን ሴቶች ጽፈዋል፤ መኪያም ኋላ ከእነርሱ አንዷ ሆና፣ ሕገ ወጥ የሚል ስም ተለጥፎባት ተቆጥራለች። ሕጉን ለምን እንደጣሰች የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የምትናገረው ነገር አልነበረም።

ኩባያውን ሳትቀበል ለውጭ የምትደርበውን ጥቁር አባያዋን ከመስቀያው አወረደች። ኡሙ ነዋፍ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። መኪያ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።